ጥለት ወይስ እራፊ? የባሕር ዳር አሮጌ ፋብሪካና አዲሱ ግንባታ

ባሕር ዳር ውስጥ ለባጃጅ ሹፌር የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር አይነገርም። “ፖሊ”፣ “ፔዳ”፣ “ጨርቃ ጨርቅ”፣ “ዓባይ ማዶ” ይባላል፤ በቃ፣ ይገባዋል። ከእነዚህ ወንዙን የሚያነሣው አንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹ የተቋም ስሞች ናቸው። ፖሊ ከፖሊቴክኒክ፣ ፔዳ ከፔዳጎጂ፣ ጨርቃ ጨርቅ ደግሞ ከፋብሪካው።

ይህን ነገር ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው። ጎንደር ግንቧ አለላት። አክሱም ሐውልቷ አለላት። ባሕር ዳርስ ሲባል “ሐይቁ” እንላለን። ሐይቁን ግን የሠራው ሰው የለም። የሰው እጅ በዚህች ከተማ የሠራው ትልቁ ነገር ምንድን ነው ከተባለ፣ መልሱ ብዙዎቻችን ቅርስ ብለን የማንጠራው ነገር ነው፦ ፋብሪካ፣ የኃይል ማመንጫ፣ የቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ ሰፋ ተደርጎ የተቀየሰ መንገድ። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለውን፣ የካቶሊኩ ሚሲዮናዊ የፔሮ ፓኤዝ ሥራ ነው የሚባለውን የድንጋይ ግንብ የረሳሁት እንዳይመስላችሁ። እሱ ግን የዛሬዋን ከተማ በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማታል። ከተማዋን ከተማ ያደረጋት እሱ አይደለም።

ያደረጋት ፋብሪካው ነው። ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው (ከአዋጅ ቁጥር በስተቀር ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1947 በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሳ እንድትከፍል ተወሰነ። ነገሩ ብዙ ድርድር ፈጀ። በመጨረሻ ካሳው ወደ ግንባታ ተለወጠ። የቆቃ ግድብ የዚያ ካሳ ውጤት ነው። በ1961 የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም እንዲሁ። ማሽን የሚያንቀሳቅስና የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል፤ በ1963 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ተከፈተ። መብራትም ያስፈልጋል፤ በ1964 ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ፏፏቴው አጠገብ፣ 11.4 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጢስ ዓባይ ቁጥር አንድ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ በፕሮፌሰር ማክስ ጉተር የሚመራ የጀርመን ቡድን ለከተማዋ ማስተር ፕላን አወጣላት። ዛሬ ብስክሌት የምንነዳባቸው ሰፋፊ መንገዶች አጀማመራቸው የዚያ ዘመን አስተሳሰብ ነው።

የጣሊያን ካሳ፣ የዓባይ ውኃ፣ የሶቪየት መምህር፣ የጀርመን ንድፍ፣ የጎጃምና የበጌምድር ሰው ጉልበት። ያውም ዓለም ለሁለት ተከፍሎ በሚፋጠጥበት ወቅት! ከአራቱ ግንባታዎች አንዱን ብቻ ነጥላችሁ ብትወስዱ ተራ ሥራ ነው። አራቱን አንድ ላይ ስታዩዋቸው ግን ከተማ እንዴት እንደሚወለድ የሚያሳይ ሰንሰለት ናቸው። ፋብሪካው ቢፈርስ ጢስ ዓባይ ለምን እዚያ እንደተሠራ፣ ፖሊ ለምን ፖሊ እንደተባለ ለልጆቻችን ማስረዳት ይከብደናል።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ግንበኞቻችን “አርማታ”፣ “ፌሮ”፣ “ሶሌታ” ይላሉ። ሁሉም የጣሊያንኛ ቃል ነው። “ፋብሪካ” ራሱም። ካሳው በገንዘብ ብቻ አልተከፈለም ማለት ይቻላል፤ ቃላቱን ቀድመን ወስደናቸዋል።

ለምን አሁን?

ምክንያቱም ከተማዋ እየተቆፈረች ነው። የኮሪደር ልማቱ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልል ከተሞች ከመጣ ወዲህ የባሕር ዳር መንገዶች እየሰፉ፣ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ እየተሠራ፣ መብራት እየተተከለ ነው። በ2024 ደግሞ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመረቀ። መንገድ ሲሰፋ የመሬት ዋጋ ይከተላል፤ ይህ የትም የማይቀር ነገር ነው። ፋብሪካ ሲተከል በከተማ ጠርዝ ላይ ይተከላል። ከ60 ዓመት በኋላ ከተማው ይዞረውና መሀል ላይ ያስቀረዋል። ያኔ በሊዝ የሚያስብ ሰው ሁሉ ዓይኑን ይጥልበታል።

ነገሬ እንዳይጣመም። ፋብሪካው ይዘጋ ወይም ይነሣ እያልኩ አይደለም። የፋብሪካ ምርጡ አገልግሎት ጨርቅ መሥራት ነው፤ የሚሠራ ማሽንና የሚከፈል ደሞዝ ከየትኛውም ሙዚየም ይበልጣል። የምለው ሌላ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሰፊ ግቢ፣ በሙሉም ይሁን በከፊል፣ አንድ ቀን ለሌላ አገልግሎት መጠየቁ አይቀርም። ያ ቀን ሲመጣ በእጃችን ያለው ምርጫ “ይፍረስ” እና “አይነካ” ብቻ ከሆነ፣ የሚያሸንፈው “ይፍረስ” ነው። ምክንያቱም “አይነካ” ገንዘብ አያመጣም። ሦስተኛ መንገድ ግን አለ፦ አዲሱን ከአሮጌው ጋር አብሮ መሸመን።

ነጠላን አስቡ። ጥለቱ ከነጠላው ጋር ለመመሳሰል አይሞክርም። ነጠላው ነጭ ነው፣ ጥለቱ አረንጓዴ ወይም ወርቃማ። ከሩቅ ይለያል። ነገር ግን የተሸመነው በአንድ ድር ላይ ነው፤ ነጠላውንም አይውጠውም። እራፊ ሌላ ነው። ቀዳዳ ለመሸፈን ከላይ ይሰፋል፤ ስንት ጊዜ ቢታጠብ ከልብሱ ጋር አይስማማም።

የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎችም በራሳቸው ቋንቋ ያሉት ይህንኑ ነው። በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር በ9ኛው አንቀጹ፣ ቅርስን ሲጠግኑ የግድ የሚጨመር አዲስ ሥራ ካለ ከአሮጌው ተለይቶ የሚታይና የዘመኑን ማኅተም የያዘ እንዲሆን ያዝዛል። አሮጌ መስሎ እንዲያታልል አይፈቅድም።

እራፊዎቹ

በከተሞቻችን የማያቸው እራፊዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አልኮቦንድና ሰማያዊ መስታወት። ደህና የድንጋይ ግድግዳ ያለው ቤት በአንድ ወር ውስጥ የሞባይል ቀፎ ይመስላል። ወደ ሐይቁ፣ ወደ ምዕራብ የዞረ መስታወት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ክፍሉን ምድጃ ያደርገዋል። ከዚያ ኤሲ ይገዛል። ከዚያ መብራት ይጠፋል።

ሁለተኛው ማስመሰል ነው። ትናንት የተገነባውን ግድግዳ የጎንደር ግንብ ለማስመሰል ድንጋይ መለጠፍ። እሱን ልለፈው።

ሦስተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ በጥሩ አርክቴክት እጅም ሊሠራ ስለሚችል። ፊቱን አስቀርቶ ሆዱን ባዶ ማድረግ ነው። የሐምቡርጉ የኤልብፊልሃርሞኒ የሙዚቃ አዳራሽ የዚህ ታዋቂው ምሳሌ ነው። ከሥሩ ያለው የጡብ መጋዘን ካካዎ፣ ሻይና ትምባሆ የሚከማችበት ነበር፤ ያለቀው በ1966 ነው፤ ማለትም ከጨርቃ ጨርቃችን በዕድሜ ያንሳል። ውስጡ ወጥቶ ግድግዳው ብቻ ቀረና በላዩ ላይ እንደ ማዕበል የሚወዛወዝ የመስታወት አዳራሽ ተጫነበት። በጥር 2017 ተከፈተ። ያምራል፣ አልክድም። የጨረሰው ግን ከ800 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ነው። መጋዘኑ እንዴት ይሠራ እንደነበር ማወቅ የሚፈልግ ጎብኚም ከጡቡ ሌላ የሚያየው ብዙ ነገር የለም። እኛ ከዚህ የምንወስደው አንድ ነገር ነው፦ የ1960ዎቹ መጋዘን እንኳ “ገና አላረጀም” ተብሎ አልተጣለም።

ጥለት የሆነው

ለባሕር ዳር ይጠቅማል ብዬ የማስበው ምሳሌ ያለው አውሮፓ አይደለም። ብራዚል ነው፣ ሳኦ ፓውሎ፣ ሴስክ ፖምፔያ የሚባል ቦታ። በርሜል ይሠራበት የነበረ አሮጌ ፋብሪካ ነው። ባለቤቱ ከንግድ ሠራተኞች ደሞዝ ጋር ተያይዞ በሚሰበሰብ መዋጮ የሚተዳደር የማኅበራዊ አገልግሎት ድርጅት ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ለቦታው ሥራ የተጠራችው አርክቴክት ሊና ቦ ባርዲ ነበረች። ሄዳ ስታይ ሰዎች ቦታውን ቀድመው ይዘውታል። ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ፣ እናቶች ምግብ ያበስላሉ። እሷም ይህ መቀጠል አለበት አለች። ፋብሪካውን አላፈረሰችም። ልስኑን አስነሥታ ጡቡና አርማታው እንዲታይ አደረገች። አዳራሾቹ ቤተ መጻሕፍት፣ የእጅ ሥራ ክፍል፣ ቲያትርና ምግብ ቤት ሆኑ። ይህ ክፍል በ1982 ተከፈተ።

ከዚያ አዲሱ መጣ። የስፖርት ሜዳና የመዋኛ ገንዳ ያስፈልጋል፤ ቦታው ግን ጠባብ ነው። መሀሉን ደግሞ የተሸፈነ ጅረት ያቋርጠዋል፤ በላዩ ላይ መገንባት አይፈቀድም። ሌላ ሰው ቢሆን ፈቃድ ለማስለወጥ ይሮጥ ነበር። እሷ ግን ከጅረቱ ወዲህና ወዲያ ሁለት የአርማታ ማማ አቁማ በአየር ላይ ድልድዮች አገናኘቻቸው። በጅረቱ ላይ የእንጨት ወለል ዘረጋችና የሰፈሩ ሰው ፀሐይ እንዲሞቅበት ተወችው። ሜዳዎቹ ያሉበት ማማ መስኮቱ ዋሻ አፍ የሚመስል ቅርጽ የሌለው ቀዳዳ ነው፤ መስታወት የለውም፤ አየር በራሱ ይገባል። ኤሲ የለም። ማማዎቹ ያለቁት በ1986 ነው። ከጡቡ ፋብሪካ ጋር ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ግን የአንድ ግቢ ልጆች ይመስላሉ።

የባሕር ዳር ሰው ይህን ሲያነብ ጣናን ማሰቡ አይቀርም። ጅረቱን እንደ እንቅፋት ሳይሆን እንደ ንድፍ መነሻ መውሰድ! የጣና ዙሪያ ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት (ተፈጥሮና የሰው ኑሮ አብረው የሚጠበቁበት ቦታ) ተመዝግቧል። ከውኃው ርቆ መገንባት ግዴታ ሲሆን ባለሀብቱ “መሬቴን ወሰዱብኝ” ይላል። ያ ባዶ ቦታ ግን ግቢውን ከሐይቁ ጋር የሚያገናኝ የሕዝብ መተላለፊያ ሊሆን ይችላል። አሁን ባለው ሁኔታ ሐይቁን በነፃ የምናይባቸው ቦታዎች ውስን ናቸው፤ ቀሪውን ለማየት ቡና ማዘዝ ግድ ነው።

የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ምሳሌ የሚፈልግ ደግሞ ፖላንድ ውስጥ ዉጅ የምትባለውን ከተማ ይመልከት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ግዙፍ የጥጥ ፋብሪካ 27 ሄክታር በሚሆን ቦታ ላይ ታድሶ በ2006 ማኑፋክቱራ በሚል ስም የገበያ ማዕከል ሆነ። የፈተል ሕንፃው በ2009 ሆቴል ሆነ። አዲሶቹ የመስታወት ሕንፃዎች ዝቅ ብለው ቀዩ ጡብ ከላያቸው እንዲታይ ተደርጓል፤ ይህ ብልህነት ነው። ግን የዛሬው ኑሮው የሚቆመው በመግዛት ላይ ነው። የማይገዛ ሰው እዚያ የሚሠራው ብዙ የለውም። የባሕር ዳር ፋብሪካ እንደዚያ ቢሆን አዝናለሁ። ሕንፃው ተርፎ ሰፈሩ ቢቀርስ ምን ዋጋ አለው?

በኬፕታውን ደግሞ 42 የእህል ጎተራ ቧንቧዎችን ከውስጥ ፈልፍለው፣ በበቆሎ ፍሬ ቅርጽ አዳራሽ አውጥተው፣ በ2017 የአፍሪካ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አድርገውታል። ድንቅ ነው። አቅሙ ላለው።

ብርሃኑ፣ ፌሮውና አፈሩ

አሁን ወደ መሬት እንውረድ። ፋብሪካን ለሌላ አገልግሎት ማዋል ለምን ይቻላል? የፈተልና የሽመና አዳራሽ ረጅም ማሽን በረድፍ እንዲቆምበት ስለሚሠራ ምሰሶው ተራርቆ የሚተከል፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው። እንዲህ ዓይነት ባዶ ስፋት ዛሬ በአዲስ ግንባታ ለማግኘት ሲሚንቶና ፌሮ ስንት እንደገባ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። ያለውን አፍርሶ መልሶ መግዛት ነው። ከዓለም የካርቦን ልቀት 8 በመቶ ያህሉ ከሲሚንቶ ምርት እንደሚመጣም አትርሱ።

ብርሃንን እንውሰድ። በሰሜኑ የዓለም ክፍል የድሮ የጨርቅ ፋብሪካዎች ጣሪያቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ነበር፤ መስኮቱ ወደ ሰሜን ይዞራል፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ሳይገባ ለስላሳ ብርሃን ይገባል። በእንግሊዝ ይህ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። በባሕር ዳር ግን አይሠራም። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስላለች፣ በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ከሰኔ ወዲህ ያለውን ደመናው ይከልልናል። ችግሩ ሚያዝያና ግንቦት ነው፤ ሙቀቱ የሚበረታበት ጊዜ። ስለዚህ ከውጭ መጽሔት የተገለበጠ የጣሪያ መስኮት እዚህ መከለያ ካልተጨመረለት ሰው ይጠብሳል። አዲሱ ግንባታ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው ጥለት መሆን የሚችለው፦ የቀርከሃ መከለያ፣ ረጅም ክፈፍ፣ ሙቅ አየር የሚወጣበት የጣሪያ ቀዳዳ።

ጥንካሬውስ? የ60 ዓመት አርማታ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ የታመመ ሊሆን ይችላል። አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ ወደ አርማታው ይገባል፤ ፌሮውን ከዝገት የሚጠብቀውን ጠባይ ያሳጣዋል። መመርመሪያው ቀላል ነው። ትንሽ ተፈልፍሎ ፌኖልፍታሊን የሚባል ፈሳሽ ይረጫል። ሮዝ ከሆነ ጤነኛ ነው። ቀለሙ ካልተለወጠና ያ ክፍል እስከ ፌሮው ከደረሰ ሥራ አለ። ፎቅ መጨመር ከተፈለገ ደግሞ አሮጌው ምሰሶ ላይ መጫን የለበትም። አዲሱ በራሱ ምሰሶ፣ በራሱ መሠረት፣ ቤት ውስጥ እንደገባ ሣጥን ይቁም። ነገ ሐሳብ ቢለወጥ አሮጌው ሳይጎዳ ሣጥኑ ይወጣል።

ከሁሉ ቀድሞ ግን አፈሩ። በየትኛውም ሀገር አሥርት ዓመታት ጨርቅ የተቀለመበት ግቢ ሳይመረመር የልጆች መጫወቻ አይደረግም። ማቅለሚያ ኬሚካል፣ ዘይትና ነዳጅ ወደ መሬት ይሰርጋሉ። የእኛው ፋብሪካ ከዓባይ መውጫ አጠገብ በመሆኑ ፍሳሹ በወንዙ ራስ ላይ ያለው ተጽዕኖ ለብዙ ተመራማሪዎች ርዕስ ሆኖ ቆይቷል። በዚያ ዘመን በዓለም ዙሪያ የፋብሪካ ጣሪያ ብዙ ጊዜ ከአስቤስቶስ ጋር በተደባለቀ ሲሚንቶ ይሠራ ስለነበር ጣሪያም ሳይመረመር በመዶሻ አይመታም። አቧራው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የሚገድለው። ይህ ወጪ በበጀቱ መጀመሪያ ላይ ካልተቀመጠ፣ ዕዳው ወደ ቀን ሠራተኛው ሳንባና ወደ ወንዙ ዓሣ ይተላለፋል።

ማን ይዘዝ?

ሕግ የለም አይባልም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ የሚመድበው አዋጅ ቁጥር 839/2006 አለ። ስለዚህ ክልሉ የፌዴራሉን በር ብቻ እያየ መቀመጥ የለበትም። ችግሩ ያለው አስተሳሰባችን ውስጥ ነው። ቅርስ ስንል ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መንግሥትና ብራና ይታየናል። የማሽን ማዞሪያ ብረት፣ የፈተል ማሽን፣ የሰዓት መፈረሚያ ሣጥን አይታየንም። በአዲስ አበባ በ1961 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ በ2024 ዳግም ሲከፈት ሁላችንም አጨበጨብን። የጨርቃ ጨርቃችን እኩያ ነው እኮ! ልዩነቱ በአንዱ መሪዎች፣ በሌላው ሸማኔዎች መቀመጣቸው ነው።

ስለ ገንዘቡ ረጅም ነገር የለኝም። ባለሀብት ያለ ትርፍ አይመጣም። ግቢው ሰፊ ከሆነ ከአሮጌዎቹ አዳራሾች ራቅ ባለው ጥግ ከፍ ያለ ሕንፃ ፈቅዶ፣ በልዋጩ አዳራሾቹን እንዲያድስና ለሕዝብ እንዲከፍት በሊዝ ውሉ ማስገደድ ይቻላል። በቃል ሳይሆን በውል። ግንባታው ሲያልቅ የሚጠፋ ቃል ብዙ አይተናል።

ከሁሉ በፊት ግን ገንዘብም አዋጅም የማይጠይቅ ሥራ አለ። መለካት። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአርክቴክቸርና የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች አሉ፤ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩትም እዚያው አለ። ሜትርና ካሜራ ይዘው በፈቃድ ይግቡ። እያንዳንዱን ምሰሶ፣ መስኮትና የጣሪያ ብረት ይሳሉ። የትኛው ማሽን የት ቆሞ እንደነበር፣ ጥጡ በየት ገብቶ ጨርቁ በየት እንደሚወጣ ይመዝግቡ። በንድፉ ላይ የማይገኘውን ደግሞ ሰው ይጠይቁ። በ1961 በ20 ዓመቱ የተቀጠረ ሠራተኛ ዛሬ ከ80 አልፏል። መጀመሪያ እሱ ጋ ይሂዱ፤ ፋብሪካው ትንሽ ይጠብቃል።